ከጠረጴዛ ያልወረደው ጤፍ

ጁባ፣ ካቶር
መጋቢት 2009

ለእታለም ማንያህልሻል፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ደብረ ብርሃን ድረስ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን።

«ታድላችሁ፣ እናንተ ሙቀት አላችሁ» ብለሻል። አዎ፣ ታድለናል። የምግብ ቤታችን ቆርቆሮ ገና በጠዋቱ ይንጣጣል፤ ደንበኛው ውሃ ብቻ ጠጥቶ ይወጣል። ብርድሽን በኩንታል ብትልኪልኝ እገዛው ነበር።

ባለቤቴ ካሳዬም ደህና ነው። ብቻ አምና ጎርፍ ገብቶ ጤፋችንን ካበላሸው ወዲህ ጠንቃቃ ሆኗል። በዚህ በጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ «መጣ፣ አንሺ» እያለ ጆንያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ትናንት አንድ ሾፌር ቦታ አጥቶ ሽሮውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በላ። ጎረቤቶቹ «ማፊ ማታራ»፣ ዝናብ የለም፣ እያሉ ይስቁበታል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? እንቅልፍ ያጣውም በሙቀቱ ነው። በዚህ ቤት ማን ይተኛል?

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፣ እናንተ ጋ ያለው ጠበል ዛሬም ከሩቅ የመጣ ሰው ያሳድራል? አስታማሚስ አብሮ ይገባል? ለአንዲት ጎረቤቴ ባል ነው።

ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰላም በይልኝ። የካሳዬን እናት ካገኘሻት ወፍሯል በያት። እኔም ደህና ነኝ። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ፈልጌ ፈልጌ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጤፉ አጠገብ አገኘሁት። ያስቀመጠው ካሳዬ አይደለም፤ እኔው ነኝ።

እህትሽ ተሻለች