ከተማውን በሙሉ ወንድሜ ላደረጉት ኃላፊ

ለተከበሩ ቱርሱንቦይ አካ፣ የጉልቦግ ከተማ የነዋሪዎች ምዝገባ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኛ ከሚገባው በላይ ደህና ነን፤ ቤተሰባችን በአንድ ጠዋት በዝቷል።

እንደሚያስታውሱት፣ በመዝገብዎ ላይ በአባቴ ቦታ አጎቴ ሆልማት ገብቶ ስለነበር፣ ሠርጌ ሳይደርስ በወላጅ አባቴ በኤርጋሽ ይተካልኝ ብዬ እኔ ዘቢኒሶ አመለከትኩ። መሥሪያ ቤትዎም የማንን አባት እንደሚቀይር ሳይገልጽ፣ አባት የተባለውን ሁሉ ኤርጋሽ አድርግ ብሎ ዳታቤዙን አዘዘ። ስክሪኑ «በተሳካ ሁኔታ ተስተካክሏል» አለ፤ የከተማው ሰው በሙሉ የአባቴ ልጅ ሆነ። ስለ ፍጥነትዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ቅሬታ ካልተባለብኝ፣ ጥቂት ነጥቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ እጮኛዬ ሹህራትና እኔ የጋብቻ ጽሕፈት ቤት ብንሄድ፣ የአንድ አባት ልጆችን አናጋባም ተብለን ተመለስን። እናቱ «ልጄን ለገዛ እህቱ ልዳረው? ጎረቤቱስ ምን ይለኛል!» ብለው ድግሱን አቁመዋል። ሹህራት ይስቃል። እኔ ግን አልቅሻለሁ።

ሁለተኛ፣ እኔም ድረ ገጽ እየሠራሁ የምኖር ነኝና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ፕሮግራማችሁ የተሠራበት ፍሬምወርክ የሚሉት ማዕቀፍ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስንት ረድፍ፣ ማለትም የስንት ሰው መዝገብ፣ እንደተነካ ቁጥሩን ይመልሳል። ባለሙያዎችዎ ግን ሳያዩ ይጥሉታል። አንዲት ሴት ለማስተካከል ተነስተው ሰባ ሁለት ሺህ ሰው መነካቱን ቢያነቡ ኖሮ፣ ምናልባት አንዳቸው ሻዩን አስቀምጦ ይነሳ ነበር። ይህንኑ በመስኮት ባለጉዳይ ለምታስተናግደው ለማቭሉዳ ባስረዳት «አንቺ ልጅ፣ ተሳክቷል ካለ ተሳክቷል! ከኮምፒውተር ጋር ልጣላልሽ?» አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻዬን እንደገና፣ በዚህኛው ዙር በጥንቃቄ አስገብታችኋል፤ «አባቷ ሆልማት የሆነችውን ዘቢኒሶን ፈልገህ አስተካክል» ተብሎ። በመዝገቡ ሆልማት የሚባል አባት ስላልቀረ የተነካው ረድፍ ዜሮ ነው። ስክሪኑ አሁንም «በተሳካ ሁኔታ» አለ። ሁሉን ያበላሸና ምንም ያልሠራ እኩል የሚመሰገኑበት መሥሪያ ቤት አድልዎ አለበት ሊባል አይችልም።

አባቴ ደግሞ በር በሩን እያየ «ይህን ሁሉ ወልጄ አንድ እንኳ የሚጠይቀኝ ይጥፋ?» ይላል።

ለመሥሪያ ቤትዎ ያልተቆጠረ ስኬት እየተመኘሁ፣ በፊርማዎ የተሰጠኝን ዝምድና በአክብሮት ተቀብዬ፣

ታናሽ እህትዎ ዘቢኒሶ፣ የኤርጋሽ ልጅ

ሳልረሳው፦ እስከ ዛሬ «አካ» ስልዎት እንደ አገራችን ወግ ለታላቅ ሰው አክብሮት ነበር፤ አሁን ግን እርስዎም የከተማው ነዋሪ ነዎትና በመዝገብ ታላቅ ወንድሜ ሆነዋል። በሰፈራችን ደግሞ ለእህት ሠርግ በጉን የሚያርደውና የሩዙን ድስት የሚያስጥደው ታላቅ ወንድም ስለሆነ በጉጉት እንጠብቅዎታለን። የለም፣ ወንድምሽ አይደለሁም የሚሉ ከሆነ ግን፣ መዝገቡ ውሸት መሆኑን በማኅተም አስደግፈው ይጻፉልኝ፤ የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱም የጠየቀኝ ይህንኑ ወረቀት ነው።