ባሌ መሆንህን የሚፈርድ ዳኛ ጠፋ

ደሬ፣

እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ተናድጄብሃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህንም አውጥተናል። ሰው ሁሉ "ዳኛው እንዴት ያለ ሰው ነበር" እያለ በልቶ ሄደ። እኔ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ በሕግ ሚስትህ አልነበርኩም።

የጡረታ አበልህ እንዲወሰንልኝ የሚስትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጪ ተባልኩ። እኛ ደግሞ ባምባሲ አባቴ ቤት በሽማግሌ ተጋባን እንጂ ወረቀት የት አለን? "ይህ መዝገብ ይለቅና እናስመዘግባለን" ትለኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መዝገቡ አላለቀም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ላንተ ነው።

አሶሳ፣ አንተው በሠራህበት ፍርድ ቤት አመለከትኩ። የመጀመሪያው ዳኛ ሟቹን በቅርብ አውቀዋለሁ ብሎ ከመዝገቡ ተነሳ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው የልጃችን የክርስትና አባት ነው፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ ተነሳ። ቤቴ የበሉ የጠጡ ሰዎች ሚስትህ መሆኔን ስለሚያውቁ ብቻ ሚስቱ ናት ብለው መፍረድ አልቻሉም። የምታውቁት ሰው ጉዳይ ሲመጣ ተነሱ እያልክ ያስተማርካቸው ደግሞ አንተ ነህ። እኔ ሞኟ ይህን ስሰማ እኮራብህ ነበር።

በዚህ መሀል ስምንት ወር አለፈ። ኪራዩ ስላቃተኝ ከነልጆችህ አንዲት የጓሮ ክፍል ገባን። ልጅህ ማህሌት ዳኛ እሆናለሁ ማለቱን ትታለች። እኔም አትተዪ አላልኳትም።

በመጨረሻ ከሌላ ወረዳ ተጠርቶ የማያውቅህ ዳኛ ተመደበ። ሦስት ምስክር አቅርቢ አለኝ። ሁለት ጎረቤቶቻችን እሺ አሉኝ። ሦስተኛ ስፈልግ አቶ አብዱራህማን ወሬውን ሰምተው ራሳቸው መጡ። ፈርደህ ከማንጎ ቦታቸው ያስለቀቅሃቸውን ሽማግሌ ማለቴ ነው። ከፍርዱ በፊት ሊለምኑህ ደጃችን መጥተው አላስገባም ስትል እኔ ውሃ ብሰጣቸው፣ ሁለት ቀን ያኮረፍከኝ በእሳቸው ነበር። ምን ሊሉ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ዳኛው በምን ያውቋታል አላቸው።

"ሟቹ ዳኛ በር ዘጋብኝ፣ መሬቴንም ወሰደ። ሚስቱ ውሃ ሰጠችኝ። ይቺ ናት" አሉ።

በዚህ ተፈረደልኝ። ደሬ፣ አልረሳህም፤ ልጆችህም አይረሱህም። አባታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር ሲሉኝ እውነተኛ ዳኛ ነበር እላቸዋለሁ። እንጀራቸውን ያገኙት ግን በማን ምስክርነት እንደሆነም እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ