አባትሽ የሚጠብቃት ቃል

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ የሰው ፊት አያሳይሽ። «ሁላችንም ደህና ነን» ልልሽ ነበር። ግን ወንድምሽ አፉ አላርፍ ብሎት፣ አባትሽ መሰላል ላይ ሆኖ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ወድቆ ክንዱ መሰበሩን ነግሮሻል። እኔ የደበቅሁሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

«በጣም አዝናለሁ» ብለሽ የላክሽውን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። «ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው እንዴ?» አለኝ። አትቀየሚው። ያኔ ከሥራ ሲያሰናብቱት የሰጡት ወረቀትም «እናዝናለን» ነበር የሚለው። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ራቅ ብሎ የቆመ ሰውም ይለዋል።

ልጅ ሳለሽ እንቅፋት ሲመታሽ ምን ነበር የምልሽ? «እኔን!» እናቴ እንደነገረችኝ ሙሉው «እኔን ይድፋኝ» ነው፤ ባንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት። ልጇ ስትወድቅ እየሮጠች ሙሉውን ቃል የምትጨርስ እናት ስለሌለች አጠረ።

እኔማ ደክሞኛል። እሱን አጥቤ፣ አልብሼ፣ አጉርሼ ሳበቃ የደንበኛ ልብስ ልጠቅም እቀመጣለሁ። ትናንት መርፌው ጣቴን ወግቶኝ «ውይ!» ስል፣ ያ ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ከአልጋው ላይ «እኔን!» አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ሥራሽ ይቅና፤ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን። እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የምሰጠው ለእሱ ነው። ከሰላምታው በፊት ያችን ቃል በይለት። «አልሰማሁም» ካለሽ ሰምቷል ማለት ነው፤ ግድ የለሽም፣ ድገሚለት።

እናትሽ