የአቶ ወልደጻድቅ እንደሻው ሕይወትና ጾም

አቶ ወልደጻድቅ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ እንደሻው ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አያሌው በ1949 ዓ.ም. በአርሲ፣ ሁሩታ አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረዋል። ዘጠነኛን ጀምረው ሳለ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ትራክተር ተከትለው እንደሄዱ ቤተሰቡ ይተርካል። ወደ ክፍል አልተመለሱም።

በ1970 ዓ.ም. በመንግሥት እርሻ በረዳትነት ተቀጥረው፣ ኋላም የኮምባይነር ኦፕሬተር ሆነው ጡረታ እስኪወጡ የአርሲን ስንዴ አጭደዋል። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበባ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ኑሯቸውን አሰላ አደረጉ፤ ሌዊንና ራሄልንም ወለዱ።

በአገራችን የኮምባይነር ሠራተኛን የሚመግበው ባለማሳው ነው። አቶ ወልደጻድቅም የቀረበላቸውን አሳፍረው አያውቁም፤ እሳቸው ይመጣሉ ከተባለ ከናፍጣው በፊት ወጡ ይታሰብ ነበር። ይሁንና አጨዳው የሚደራው በነቢያት ጾም ነው። ያን ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መሪ ላይ ይውላሉ። “ዜማ አልችል፣ ቅዳሴ ላይም ቆሜ አንቀላፋለሁ፤ ለእግዚአብሔር የማቀርበው ያው ረሃቤን ነው” ይሉ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ረመዳንና የነቢያት ጾም ሲገጥሙ፣ ወዳጃቸው የኦጎልቾው ባለማሳ አቶ ሁሴኖ “ወልዴ፣ ዘንድሮ የሚበላው ኮምባይነሩ ብቻ ነው” ብለዋቸዋል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በጨጓራ ካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጨጓራቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቁስሉ ዳነ፤ ረሃብ ግን አልመጣም። ሐኪማቸው ዶክተር ለሊሴ ነገሩን ለቤተሰቡ አስረድተዋል፦ በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ግሬሊን የሚባል ሆርሞን እየሠሩ ወደ ደም ይለቃሉ፤ እሱም አንጎል ጋ ደርሶ የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል። ጨጓራው ሲወጣ አብዛኛው ምንጩ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ረሃብን ሳይጠብቁ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወተትና እንቁላልም ሳይቀር መብላት ያስፈልጋል። አቶ ወልደጻድቅ ሰምተው ሲያበቁ “ታዲያ ጾሜን ነዋ ያወጣችሁት” አሉ።

ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣ፣ ካልበሉም ይቀየም ነበር። አንዲት ጎረቤት “አፈር ስሆን ጋሼ፣ ይቺን ብቻ!” ቢሏቸው “አፈር የምሆነው እኔ፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?” ብለው አንዷን ጎርሰውላቸዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተቱንና እንቁላሉን ትተው እንደ ድሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ጀመሩ። ልብሳቸው ሰፋ፤ ግድግዳ ሳይዙ መቆም አቃታቸው። አቶ ሁሴኖ ከኦጎልቾ መጥተው “በእኛም ቢሆን የታመመ አይጾምም። ለምን ራስህን ትገድላለህ?” ሲሉ ተቆጡ።

“አንተ ስትጾም ይርብሃል” አሏቸው። “እኔ ሳይርበኝ ነው የምውለው። ይኼ ጾም አይደለም፤ ምሳ መርሳት ነው። ብቆይ ይመጣል ብዬ ነው የምጠብቀው።”

ወይዘሮ አበባ ይህን ሲሰሙ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ገብረ መድህንን አስጠሩ። መምሬም ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው “ልጄ፣ የሌለህን እንድትሰጥ ማን ጠየቀህ? አሁን የከበደህ መብላቱ ነው፤ እሱን አቅርብ። ወተቱን ጠጣ፤ ገዝቼሃለሁ” አሉ። አቶ ወልደጻድቅ አማትበው ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አበባ ሰዓት እያዩ ያቀርባሉ፤ እሳቸውም እያማተቡ ይበላሉ። ምግቡ ጣፈጠ ወይ ሲባሉ “ጨርሻለሁ” ብለው ይመልሱ ነበር። ከሥራ እንደተመለሰ ሰው ከማዕድ ሲነሡ ይደክማቸው ነበር። ለአቶ ሁሴኖ ግን “መምሬ ያሉኝን አደርጋለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ይቆጠርልኝ አይቆጠርልኝ እንጃ” ብለዋቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሕመሙ አገረሸ። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በነቢያት ጾም፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። በዚያው ጠዋት ወይዘሮ አበባ በማንኪያ የሰጧቸውን ወተት አልመለሱም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ለቀብራቸው የመጣችሁትን ሁላችሁን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ሳይርባቸው የጎረሱትንም ሁሉ ጾም ብሎ ይቁጠርላቸው። አሜን።