የሰባቱ ካሴቶች ተራ

ውድ መኰንን፣

በጾም ከበሮ ታስመታለች ብለው አምተውኛል፤ ሐሰት ነው። ወሬውን ያወጣችው ጎረቤታችን ዘነበች ናት፤ ወደ ወፍጮ ስትሄድ በአጥራችን ሥር ሰምታ። ቀኑ ረቡዕ እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ እንደማይጾም እሷም አሳምራ ታውቃለች። ከበሮውም የሰባተኛው ካሴትህ ነው፤ ያ መቶ ሰው አብሮ የሚጫወትበት።

በሞት ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ገዳሪፍ እንደተውካት ናት ብል እዋሽሃለሁ። አሁን ወሬ የሚሆነው የመብራት መጥፋት ሳይሆን መምጣቱ ነው። ጣራችን ላይ ሶላር አሰቅያለሁ፤ ቴፕህ የሚሠራው በሱ ነው። በጦርነቱ ከካርቱም የወጣው ሰው ከተማውን ሞልቶታል። የፊቱን ክፍል ሰልማ ለምትባል ሱዳናዊት ሰጥቻታለሁ፤ ካርቱም ቫዮሊን ታስተምር ነበር። ኻልቲ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ጨዋ ናት፤ ጫማዋን ግን በር ላይ አራርቃ ትጥላለች፤ እያረምኳት ነው።

ካሴቶቹን ያመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ከሸጠው ዕቃ መካከል ሰባቱን ያለ ሽፋን፣ ያለ ስም አገኘሃቸው። የፈረንጆቹን የሙዚቃ ታሪክ በአዳሪ ትምህርት ቤት የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ ባሮክ፣ ክላሲካል፣ ሮማንቲክ እያልኩ ዘመናቱን በቃሌ አነበነብኩልህ። አንተ ግን ሬዲዮ ስትጠግን እንደምታደርገው በጆሮህ ለየሃቸው። ሙዚቃ ከአንድ ትንፋሽ ተነሥቶ ወደ መቶ ሰው አደገ አልክ፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩ። ብቻዋን የምትነፋውን የብረት ዋሽንት ካሴቷ ላይ ፩ ብለህ ጻፍክባት። የመነኮሳቱ ዜማ ፪ ሆነ፣ ድምፆች ያለ መሣሪያ የሚጠላለፉበት ፫። ኦርጋንና ቫዮሊን ሳያርፉ የሚሮጡበትን ባሮክ ፬ ብለህ፣ ጥያቄና መልስ የሚመስለውን ክላሲካል ፭ አልከው። ፮ና ፯ የሮማንቲኮቹ ናቸው።

ቀጥለህ ሕግ አወጣህ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ሦስተኛው ብቻ፤ ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽሏን ስታስቀምጥ የኛም ቤት ታስቀምጣለች። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ትጨምራለህ፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ወንበር ላይ ወጥተህ መቶውን ሰው በካቻቪቴህ ትመራለህ፣ እኔም ጫማህን አውልቅ እያልኩ እቆጣለሁ። አንተ ከሄድክ በኋላም ሕግህን አንድ ቀን አላፈረስኩም። የዘነበች ወሬ ያንገበገበኝ ለዚህ ነው።

በዚያ ረቡዕ ሰልማ ሰባተኛውን ሰምታ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድናዳምጥ ለመነችኝ። በማግስቱ ፩ን ስከፍትላት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፣ ከዚያም ፈገግ አለች።

«ኻልቲ፣ ይህቺ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ የመጨረሻዋ ናት።»

ተከራከርኳት። ባሌ በጆሮው ተሳስቶ አያውቅም አልኳት። እሷ ግን ታጋሽ አስተማሪ ናት፤ ዋሽንቷንና መነኮሳቱን እያፈራረቀች አሰማችኝ። የመነኮሳቱ ዜማ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በቀስታ ይራመዳል፤ ዋሽንቷ ግን ከታች ወደ ላይ ትዘላለች፣ ተመልሳ የምታርፍበት ድምፅም የላትም። ኦርኬስትራው ማደግ እስከሚችለው ድረስ ካደገ በኋላ፣ ግርግሩ የሰለቻቸው ሰዎች ከበሮውንም መለከቱንም አስቀምጠው ሁሉን ለአንድ ትንፋሽ ተዉት አለችኝ። ሬዲዮ ከመጣ በኋላ የተጻፈች ናት። ጆሮዬ አመነ።

የኔ ጌታ፣ በየጾሙ የጥንት ሰው ትንፋሽ ነው ብለን አንገታችንን የደፋነው ለካስ ሬዲዮ ሲሰማ ለኖረ ሰው ነው። ሰልማ እስክትደነግጥ ሳቅኩ። አንተ ብትሰማ ከወንበሩ ትወድቅ ነበር።

ሳቁ ሲበርድልኝ ቀይ እርሳሴን አነሳሁ። ታውቀኛለህ፤ የወንድምህን ደብዳቤ እንኳ አርሜ የመለስኩ ሰው ነኝ። ያቺ ፩ ግን የእጅህ ጽሑፍ ናት፤ ከነዚህ ሰባት ቁጥሮች ሌላ በእጅህ የጻፍከው ምንም አልቀረኝም። ሁለት ጊዜ እርሳሱን አስጠጋሁ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ሰልማ ተይው፣ ማን ያየዋል ስትለኝ ተቆጣኋት። አንድ ብሎን የጎደለው ሬዲዮ ከጠረጴዛህ ወጥቶ አያውቅም። ስሕተትን እያወቁ መተው አንተን ማክበር አይደለም፤ የእጅህን ጽሑፍ መሰረዝ ደግሞ አቃተኝ።

ሦስት ቀን አስቤ አገኘሁት። ቁጥሮችህን አልነካም። በሌላ ወረቀት ላይ ሁለት ተራ አወጣለሁ፤ አንዱ ሙዚቃው የተሠራበት፣ ሌላው መኰንን የሰማበት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጾም በገባ ቁጥር ዋሽንቷ አንደኛ ትሆናለች፤ ጥንታዊ ስለሆነች ሳይሆን አንተ ስለጀመርክባት። እስካለሁ ድረስ ይህን አላጓድልብህም።

ነገ መጀመሪያ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል እጠርጋለሁ። ከዚያ መስመር ያለው ወረቀት ገዝቼ ሁለቱን ተራ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ እጽፋለሁ። ሰልማን ጠርቼ አስቀምጣለሁ። ሰባተኛውን እስከ ጫፉ አስኬደዋለሁ፤ መቶው ሰው ዝም ሲል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፩ን አስከትላለሁ።