ማሜ አፍራኮማን አስወጥተው ጸጥታን ሊያስገቡ ለወሰኑት ሊቀመንበር

ለተከበሩ ኦፓኒን ያው አሱቦንቴንግ
የኦዱም ዛፍ ሰፈር የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኩማሲ

የተከበሩ አባታችን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የጉልበትዎን፣ የቤትዎን ግድግዳ፣ በተለይም የቀን እንቅልፍዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ የአሥራ አምስት ዓመቷ አፉዋ ብራጎ፣ ለሽማግሌ መታዘዝን ከእናቴ፣ ሽማግሌን መታዘብን ደግሞ ከኮሚቴዎ የተማርኩት ልጅዎ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ደህና ነኝ። ቅዳሜ በእርስዎ ፊርማ የማሜ አፍራኮማ ምግብ ቤት ስለሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ስለሚኖረኝ ጤንነት ዋስትና መስጠት አልችልም።

ኮሚቴው «የሰፈሩን ጸጥታ ለማስከበር» ሲል ሃያ ስድስት ዓመት በሰፈሩ የጋራ መሬት ላይ፣ ከዛፉ ሥር የካሳቫ ሥር ቀቅላ ፉፉ ስታስወቅጥ የኖረችውን ሴት አስነሥቶ በምትኩ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ አዳራሽ ሊሠራ መወሰኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤአለሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ የሽማግሌን ንግግር አያቋርጥም። እርስዎ ተናግረው እስኪጨርሱ ስጠብቅ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ አሁን ለመተንፈስ ያቆሙ ስለመሰለኝ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዘነዘናው። ድምፁ የቀን እንቅልፍዎን እንደሚያውክ፣ ግድግዳዎንም አናውጦ በጎልማሳነትዎ የተነሡትን ፎቶግራፍ እንደጣለ በውሳኔው ተገልጿል። በፎቶግራፉ ከልብ አዝኛለሁ፤ ያን ያህል ፀጉር ከዚያ ከፍታ ሲወድቅ ማየት ለማንም ቀላል አይደለም። ይሁንና እኩለ ቀን ላይ ካሳቫው ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ዘነዘናው «ዱም» ማለት ሲጀምር፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድመው እጅዎን ታጥበው የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ሁለት ድቡልቡል ፉፉ በዘንባባ ፍሬ ሾርባ አጥቅሰው ከዋጡ በኋላ ዓይንዎ እየተከደነ ወደ ቤትዎ ያዘግማሉ። እንቅልፉን ከማሜ ድስት ወስዶ፣ በወሰዱት እንቅልፍ ምክንያት ማሜን መክሰስ ረጅም ዕድሜ ብቻ የሚሰጠው ጥበብ ስለሆነ፣ እኔም ስደርስበት ይገባኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስብሰባዎቹ። ኮሚቴው ምግብ ቤቱን ስለ መዝጋት አሥራ አንድ ጊዜ ሲመክር አሥራ አንዱንም ጊዜ የተሰበሰበው እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከነፋሻው ጥግ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በዘጠነኛው ስብሰባ ክርክሩ ሲጦፍ ማሜ ጭልፋዋን ይዛ ቀረብ ብላ፣ «አባቶቼ፣ እኔን የምታስወጡበት ጉዳይ ገና ካላለቀ ሾርባ ልጨምርላችሁ?» ማለቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጉዳዩ አላለቀም ነበር፤ ጨመረችላችሁ። እርስዎም በሊቀመንበርነትዎ የፍየል ሥጋው ከአጥንቱ በኩል እንዲሆንልዎ አሳሰቡ። ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ውሳኔ የኮሚቴው ማኅተም ደብዝዞ አይነበብም፤ ከጎኑ ያለው በዘንባባ ዘይት የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ግን ከመንገድ ማዶ ሆኖ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ በቦታው ስለሚተካው ነገር። መጀመሪያ የሬሳ ሣጥን መሸጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ አባላቱ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ ከተያዩ በኋላ በሙሉ ድምፅ ውድቅ መደረጉን አደንቃለሁ። የፀጉር ቤት ሐሳብም ተነሥቶ ከአባላቱ መካከል ተጠቃሚ የሚሆን በመጥፋቱ ቀረ። በመጨረሻ የጸደቀው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው፣ ይህንኑ አዳራሹ ሲያልቅ ገብተን እንመክርበታለን የሚል መልስ ከእርስዎ አግኝቷል። የገንፎ ምንቸት ውጣ፣ የስብሰባ ምንቸት ግባ ማለት ይህ ነው። ብቻ ያለ ሾርባ አንድም ስብሰባ አድርጋችሁ ስለማታውቁ፣ በባዶ ሆድ መስማማት መቻላችሁን አስቀድሞ መሞከሩ አይከፋም ነበር።

አራተኛ። እናቴ ገበያ ስለምትውል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምሳዬን የምበላው ማሜ ዘንድ ነው። ማባዛት ሳትጠይቀኝ አትጨልፍልኝም። ሰባት ጊዜ ስምንትን የሳትኩ ዕለት ሥጋዬ ወደ ድስቱ ተመልሷል፤ ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ሃምሳ ስድስት እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ምንም ያልተወቀጠበትን ንጹሕ ሙቀጫ ስታጥብ አገኘኋት። ወዴት ልትሄጂ ነው ብዬ ብጠይቃት ቀና ሳትል፣ «ሙቀጫ እግር የለውም ልጄ» አለችኝ። ለዚህ ቅሬታ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ እንዳገኘሁ እልካለሁ።

አምስተኛውን ረስቼዋለሁ፤ በእርስዎም ላይ ደርሶ ስለሚያውቅ እንደሚረዱኝ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። በውሳኔው ግርጌ በገዛ እጅዎ፣ «ባለጉዳይዋ ግቢውን የሚፈቅድላት ቤተሰብ ካገኘች በሰፈሩ ውስጥ በማንኛውም ግቢ ሥራዋን መቀጠል ትችላለች፤ ኮሚቴው አይቃወምም» የምትል ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። ሲጽፏት፣ ሙቀጫ በሩ ላይ የሚያስተክል ጅል ከየት ይመጣል ብለው እስኪያስልዎት መሳቅዎን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከልቤ ነው የማመሰግንዎት፤ ከውሳኔው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኳት እሷን ነው።

ጉልበትዎ ይጽና፣ ትራስዎ ይለስልስ እያልኩ፣ እርስዎ ሲያልፉ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ የምትነሣው፣ ካለፉ በኋላ ግን ሳቋን መያዝ የሚያቅታት፣

ታዛዥ ልጅዎ
አፉዋ ብራጎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የውሳኔውን ግልባጭ ለታላቅ እኅትዎ ለናና አምፖማ አድርሻለሁ። ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቁት፣ በእኛ ወግ ቤቱ የእናት ወገን ነው እንጂ ውስጡ የሚተኛው ወንድ ንብረት አይደለም፤ በእናትዎ ወገን ደግሞ ከናና ቃል በላይ ቃል የለም። ናና ጥርሳቸውን ከጨረሱ ወዲህ ከፉፉ ሌላ የሚወርድላቸው ነገር ስለሌለ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ከግቢያችሁ ጥላ ያለው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት ስለማልወድ፣ በእርስዎ መኝታ ቤት መስኮት ሥር መሆኑን ተናገርኩ። ሙቀጫው እግር ባይኖረውም የሚሸከሙት ስድስት የክፍል ጓደኞች ስላሉኝ እሑድ ይገባል። ፎቶግራፉን ከወዲሁ ቢያወርዱት መልካም ነው። ድንገት እንዳይሆንባቸው ቀድሜ ልንገራቸው ወይ ብላቸው ናና እንዲህ አሉ፦ «ተይው ይተኛ፤ ዘነዘናው ይነግረዋል። ሲነሣ እጁን ታጥቦ ይምጣ።»