በፋሲካ የተዘፈነው የአጨዳ ዘፈን

ለልጅ ልጄ ለኔቬና፤ አንቺም ድምፅሽም እንዴት ከረማችሁ? እኔ ጥርሴ አልቆ ምላሴ ብቻ ቀርቶኛል፤ አያትሽ ስቶያንካም ደህና ናት፣ ስድቧ አልቀነሰም።

በፋሲካ ማግስት ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አደባባይ ወጥተው ዘፈኑ። እንደምታውቂው መሪዋ አያትሽ ናት፤ ጊናና ቬሊካ ከሥሯ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ሳያቋርጡ ይይዙላታል። ታዲያ የፋሲካውን ትታ የአጨዳውን ዘፈን ጀመረችው። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። ያለ ወቅቱ ሲዘፈን ሰምቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ተመለከታት። ጊናና ቬሊካ ግን እርስ በርስ እንኳ ሳይተያዩ ከሥሯ ገብተው እስከ መጨረሻው ያዙላት። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም፤ እንደዚያ አምሮባት ሰምቻት አላውቅም።

ቤት ስንገባ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ማጭዱን ልሳልልሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«አንተ ሰነፍ፣ እስካሁን ምን ስታደርግ ነበር?» ብላ ከልቧ ተቆጣችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ማጭዱን ሳልኩት።

ፈተናሽን እንደጨረስሽ ወዲያው ነይ፤ ዘንድሮ ቪየና ውስጥ አትቆዪ። ለደብዳቤው ምን ልጨምርልሽ ብላት፣ «ለዚያች ለምትዘፍነው ልጅ ሰላም በልልኝ» አለችኝ።

ስምሽን እኔ ጨመርኩበት። በጤና ያገናኘን።

አያትሽ ራንገል